ሴት ልጆችን ከጥቃት የሚጠብቅ ትምህርት ቤት፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ መምህራንና የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አሠራርና በሀገሪቱ ሕግ ላይ የቆሙ ናቸው። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። የቸገራችሁን ጥያቄ ፈልጉ።

«የመከላከል ፕሮግራም» ስትሉ ኅዳር ላይ ነጭ ሪባን የምናደርግበትን ቀን ነው?

አይደለም። የነጭ ሪባን ቀን በራሱ ጥሩ ነው። ኅዳር 16 ሲደርስ ሰልፍ ላይ ንግግር ይደረጋል፣ ሚኒ ሚዲያው ግጥም ያነባል፣ ሪባን ይታደላል። በማግስቱ ግን ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። እኛ ፕሮግራም የምንለው ኅዳር 17ም፣ የካቲትም፣ ግንቦትም የሚሠራውን ነው።

ቀላል መለኪያ አለን። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ነገር ቢደርስባት ለማን እንደምትናገር ጠይቋት። የአንድ ሰው ስም ጠርታ ከመለሰች ጅምሩ አለ። ያ ሰው ደግሞ ሰምቶ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። መምህራኑ ምን እንደተከለከሉ በጽሑፍ ደርሷቸው ፈርመዋል? ሴቶቹም ወንዶቹም ዓመቱን ሙሉ የሚወያዩበት ክፍለ ጊዜ አለ? የሴቶቹ ሽንት ቤት በር አለው? በሩስ ከውስጥ ይቆለፋል? የመጨረሻው ጥያቄ ለአንዳንድ ሰው ተራ ይመስለዋል። ለተማሪዎቹ ግን ተራ አይደለም።

ጥቃት ማለት መድፈር ብቻ ነው?

አይደለም። መንገድ ላይ ለከፋ፣ ወንበር ላይ ተደግፎ «በስህተት» መነካካት፣ «ማርክ እጨምርልሻለሁ» ማለት፣ ፎቶሽን ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ ብሎ ማስፈራራት፣ ድብደባ፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ግርዛት፣ ሁሉም ጥቃት ነው። ትልቁ ጥቃት ብዙ ጊዜ በትንሹ ይጀምራል። ትንሹ ላይ ዝም የተባለ ልጅ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል ይማራል።

ቤተሰብ እያለ ለምን ትምህርት ቤት?

አንደኛው ምክንያት፣ አንዳንዴ ጥቃቱ የሚመጣው ከቤተሰብ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 ከመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። ዳሪው ወላጅ ነው። በዚሁ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴት ልጆች 47 ከመቶው ተገርዘዋል። አስገራጁም ያው ቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ከቤተሰብ ቀጥሎ ልጅቷን በየቀኑ የሚያያት ትምህርት ቤት ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም ሲጠራ «ቀሪ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሦስት ቀን በተከታታይ ቀሪ ከሆነች አንድ ነገር አለ። ጤና ጣቢያ ይህንን አያይም፣ ፖሊስም አያይም። የስም መጥሪያው መዝገብ በአግባቡ ከተያዘ ከብዙ ስልጠና ይበልጣል።

በእርግጥ ይሠራል? ማስረጃስ አለ?

አለ። ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ከእኛ ሀገር የሚጠቀሰው ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል የተጀመረው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ የተሞከረ ነው። ልጆቹ በአካባቢያቸው ሴት መሪዎች እየታገዙ በቡድን ይገናኙ ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው። ከወላጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ውይይት ተደረገ። ፕሮግራሙን ሳያገቡ ለጨረሱ ልጆችና ቤተሰቦች በምረቃው ላይ በግ ተሰጠ። ሲጠና፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆማል። ተከታዩ ግን መነገር አለበት። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ውጤቱ እንዲህ አልነበረም። እንዲያውም መጨረሻ ላይ ያገቡት በመጠኑ በዝተው ተገኙ። ጋብቻው ቀረ ሳይሆን የትንንሾቹ ተገፋ ማለት ይቀላል።

በኋላ ተመራማሪዎች የፕሮግራሙን ክፍሎች ለያይተው በተለያየ ቦታ ሞከሩ። የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ በተሰጠበት ቦታ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው በ94 ከመቶ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ ሳያገቡና ትምህርት ሳያቋርጡ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት ዕድሉን በግማሽ ቆረጠው። እኛ ከዚህ የምንወስደው፣ ለትንሿ ልጅ ደብተር የሚያደርገውን ለትልቋ ደብተር ብቻውን እንደማያደርገው ነው። ለ6ኛና ለ10ኛ ክፍል አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይዞ መሄድ አያዋጣም።

ከጎረቤት አፍሪካ ደግሞ ኡጋንዳ አለች። በሉዌሮ ወረዳ 42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ግማሾቹ ለ18 ወር ያህል «ጥሩ ትምህርት ቤት» የሚባል ፕሮግራም ሠሩ። ዋናው ትኩረቱ ተማሪው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ነበር። ማለትም የመምህሩ አመል፣ የቅጣቱ ደንብ፣ የርዕሰ መምህሩ አመራር። ባለፈው ሳምንት በሠራተኛ ተመታሁ የማለት ዕድል ፕሮግራሙን ባልሠሩት ትምህርት ቤቶች ካለው በ42 ከመቶ ያነሰ ሆነ። ይህ ስለ ዱላ እንጂ በቀጥታ ስለ ወሲባዊ ጥቃት አይደለም። ቢሆንም ልጅ የሚመታበት ግቢ ውስጥ ልጅ ደፍራ አትናገርም። በኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸው ተጽፏል። አርጩሜው ግን አሁንም ከብዙ ጠረጴዛ አልወረደም።

ሴት ልጅን ራሷን እንድትከላከል ማስተማሩ አይበቃም?

«አይሆንም» ማለትን፣ መጮህን፣ መሮጥን ማስተማር ጥሩ ነው። እኛም አንቃወምም። ችግሩ ፕሮግራሙ እዚያው ሲያበቃ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ጎረምሳን፣ መምህርን፣ አጎትን ብቻዋን እንድትቋቋም ማሠልጠን የትልልቆቹን ሥራ በሷ ትከሻ ላይ መጣል ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል። «አልጮህሽም እንዴ?» «ለምን በዚያ መንገድ ሄድሽ?» ይባላል።

ስለ አለባበስ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ናቸው የሚለከፉት፤ ከዚህ በላይ ምን ይልበሱ?

ወንዶቹስ? እነሱን ምን ብለን እናስተምር?

መጀመሪያ እንደ ተከሳሽ አትሰብስቧቸው። ወንዶቹን ለብቻ ጠርቶ «ሴቶችን አትንኩ» ብሎ የሚጮህ መምህር የሚያተርፈው ሳቅ ነው። ከስብሰባው ሲወጡ ሙድ ይይዙበታል። የሚሠራው በትንሽ ቡድን ሆኖ ለሳምንታት የሚቀጥል ወግ ነው። ቅናት ፍቅር ነው ወይ? እህትህ ብትለከፍ ምን ይሰማሃል? ጓደኛህ ሲለክፍ ዝም የምትለው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሕዝብ በሚኖርባቸው ክፍለ ከተሞች በወጣቶች ክበባት አማካኝነት ይህን መሰል ሥራ ተሞክሮ ነበር። ተሳታፊዎቹ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወንዶች ነበሩ። የቡድን ውይይቱና የአካባቢ ቅስቀሳው አብረው በተሰጡበት ቦታ፣ ባለፉት 6 ወራት በፍቅር ጓደኛቸው ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን የተናገሩት ከ53 ወደ 38 ከመቶ ወረዱ። የራሳቸው ምስክርነት መሆኑ አይረሳ። ያም ሆኖ 38 ከመቶ ራሱ ብዙ ነው። ሥራው ወንዶቹ ሚስት ከማግባታቸው በፊት መጀመር እንዳለበት ግን ያሳያል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው።

ወንዶችም ጥቃት እንደሚደርስባቸው አትዘንጉ። የሚናገሩበት በር ለነሱም ክፍት ይሁን።

ጥቃት አድራሹ መምህሩ ቢሆንስ?

ከሁሉም የከበደው ይኼ ነው። የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስም ሳይጠሩ የሚዞሩትም እዚሁ ዙሪያ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ይቀጣል። «ፈቅዳ ነው» የሚባል መከላከያ እዚህ አይሠራም። ልጅቷ የአድራጊው ተማሪ ከሆነች ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 መሠረት ቅጣቱ ከ13 ዓመት ጽኑ እስራት ይጀምራል። ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2014 በትምህርት ቤት የሚደርስ ፆታዊ ጥቃትን ለመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። ርዕሰ መምህሩን ደንቡን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳ ላይ መሆን ነው ያለበት።

ተግባሩ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። «የሰው እንጀራ አንዝጋ» ይባላል። «የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል» ይባላል። በመጨረሻ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ዝውውር ቅጣት አይደለም፣ ሌላ ክፍል ሙሉ ልጆች መስጠት ነው። ይህን የሚፈርም ኃላፊ ምን እየፈረመ እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ጥቆማ የሚቀበለው ሰው ከአንድ በላይ ይሁን። አንደኛው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ይሁን፤ ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አንዲት እናት፣ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ፣ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ። መምህር ስለ መምህር ጥቆማ ሲቀበል ባልደረባነት ይከብደዋል። ጉዳዩ እስኪጣራ መምህሩ ከልጅቷ ክፍል ይነሳ። ልጅቷን አታንሷት። ክፍል የሚቀየረው እሷ ከሆነች ተቀጪዋ እሷ መሆኗን መላው ግቢ ያያል።

ማርክን በተመለከተ ደግሞ ቀላል መላ አለ። የፈተና ወረቀት ለሁሉም ተመልሶ ይታይ፣ ቅሬታ በሌላ መምህር ይታረም። ማርክ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካልሆነ ማስፈራሪያ መሆኑ ይቀንሳል።

ልጄ ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ትምህርት ቤቱ ስለዚህ ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ብዙ ጊዜ የወረዳው ከተማ ላይ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወይም በገበያ ቀን ወደ ቤት ሄደው እንጀራና ሽሮ ይዘው ይመለሳሉ። ስንቅ ሲያልቅ ረቡዕ ላይ የሚራብ ልጅ አለ። በ14 እና በ15 ዓመታቸው ቤት ኪራይ፣ ውኃ፣ ማገዶና ፈተና በአንድ ላይ ይይዛሉ።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። በሩ በአንድ ርግጫ የሚከፈት ነው። አከራዩ አንዳንዴ ራሱ ስጋት ነው። ኪራይ ሲዘገይ «እኔ ልክፈልልሽ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ባጃጅ ያለው፣ ሱቅ ያለው፣ አንዳንዴም ደመወዝተኛ። መጀመሪያ የሞባይል ካርድ፣ ቀጥሎ ጫማ ይገዛል። ልጅቷ ይህን ጥቃት ብላ አትጠራውም፣ ውለታ ነው የምትለው። ወላጅ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ቢሰማም የሚያውቀው አንድ መፍትሔ ከትምህርት አስወጥቶ መዳር ይሆናል። ልጆቹ የማይናገሩትም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ? መስከረም ላይ ተከራይተው የሚማሩትን ሴት ልጆች ይመዝግብ። ማን ቤት፣ ከማን ጋር፣ የወላጅ ስልክ። አንዲት መምህርት ወይም የወተመህ አባል በየጊዜው ብቅ ብላ ትጠይቃቸው። አከራዮችን በዓመት አንዴ ሰብስቦ «እነዚህ ልጆች የእኛ ናቸው፣ እናያቸዋለን» ማለት ብቻውን ብዙ ያስፈራል። ተከራዮቹ ራሳቸው አጠገብ ለአጠገብ ቢከራዩና አብረው ቢሄዱ ይሻላል። ወላጆችም ብትችሉ ዘመድ ያለበትን ሰፈር ምረጡ። ዘመድ ቤት ማለት ሁልጊዜ ደኅና ቤት ማለት ስላልሆነ፣ ልጃችሁን ለብቻዋ አነጋግሯት።

የከሰዓት ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሰዓቱን ያስብበት። ልጆች በጨለማ መንገድ ላይ ከሆኑ ችግሩ የመርሐ ግብሩ ነው። የሰዓት ሰንጠረዡን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም።

ያለዕድሜ ጋብቻን ትምህርት ቤት እንዴት ሊያስቆም ይችላል? ሰርግ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም?

ዕድሜዋ ካልደረሰ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። ጠለፋም እንዲሁ ነው፤ በድሮው ሕግ ጠላፊው ካገባት ይታለፍ ነበር፣ በአሁኑ አንቀጽ 587 ግን ጋብቻው ከክስ አያድነውም።

የመምህሩ ትልቁ ጥቅም የቀን መቁጠሪያ ማወቁ ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ የክበቡ ጠንካራ ሥራ መሠራት ያለበት ታኅሣሥ ላይና ከፋሲካ በፊት ነው። የዓመቱን ዕቅድ ከወረዳ የመጣውን ቅጽ ተከትሎ ግንቦት ላይ «ያለዕድሜ ጋብቻ ትምህርት» ብሎ የሚሞላ ትምህርት ቤት ጊዜው ያልፍበታል።

ድግሱም ሁልጊዜ ሰርግ ተብሎ አይጠራም። ተዝካር ነው ይባላል፣ ማኅበር ነው ይባላል፣ ወይም የታላቋ እህት ሰርግ ላይ ታናሿ አብራ ትዳራለች። ይህን ቀድመው የሚያውቁት ጓደኞቿ ናቸው። ቀሚስ ተገዛላት፣ ጸጉሯ ተሠራ፣ ጠላ ተጠነሰሰ። ጓደኞቿ ለክበቡ ይናገራሉ፣ ክበቡ ለመምህርቷ ይናገራል፣ መምህርቷ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ። በአማራ ክልል የብዙ ልጆች ሰርግ የተሰረዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ የጠቋሚዋ ስም ከተሰማ መንደሩ አይምራትም። መምህርቷም ብትሆን ማታ ብቻዋን የምትኖር የሰው ሀገር ሰው ልትሆን ትችላለች። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ማኅተም እንጂ በአንድ ሰው ስም አይውጣ። ሁለተኛ፣ ዕድሜ በምርመራ ይረጋገጥ ሲባል ንቁ ሁኑ። የልደት ምዝገባ በሌለበት ቦታ የ15 ዓመቷ ልጅ «18 ናት» ተብላ ወረቀት ይዛ ልትመጣ ትችላለች። የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ 1ኛ ክፍል የገባችበት ዓመትና የክትባት ካርዷ እዚህ ላይ ጠቃሚ ማስረጃ ናቸው። አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

የሥርዓተ ፆታ ክበባችን በወረቀት ብቻ ነው ያለው። ከየት እንጀምር?

ከተጠሪዋ። ክበቡን በግድ የተሰጣትን መምህርት አይደለም፣ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የሚከቧትን ፈልጉ። ከዚያ የክፍለ ጊዜ ጭነቷን ትንሽ ቀንሱላት። ያለጊዜ ክበብ የለም።

ቀን ወስኑና አትቀይሩት። ለምሳሌ ረቡዕ ከሰዓት። ሴቶቹ ብቻቸውን የሚገናኙበት ጊዜ ይኑር፣ ከወንዶቹ ጋርም ሌላ ጊዜ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ንግግር አታብዙ። የግቢውን ካርታ መሬት ላይ ወይም ወረቀት ላይ አሥሏቸውና የሚፈሩትን ቦታ እንዲያመለክቱ አድርጉ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከተበጠሰው አጥር አጠገብ፣ የውኃ መቅጃው መንገድ ላይ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ለዓመታት ያላየውን ታያላችሁ። ካርታውን ለወተመህ አቅርቡና አንዱን ነገር ያንኑ ወር አስተካክሉ፤ አጥሩን መጠገን ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ተናግረው አንድ ነገር ሲለወጥ ካዩ ቀጣዩን ከባድ ነገር ይናገራሉ።

ሞዴስም የዚህ ጉዳይ አካል ነው። የወር አበባ ስትሆን የምትቀር ልጅ ከትምህርት ትራቃለች፣ ስትርቅ ለጋብቻ ትቀርባለች። ክበቡ ጋ ሁልጊዜ ትርፍ ሞዴስና ልብስ መቀየሪያ ጥግ ይኑር።

ስለዚህ ነገር ማውራት ልጆቹን አያባልግም?

ልጆቹ ከስልካቸው ብዙ ያያሉ። እኛ ዝም ስንል የሚያስተምራቸው ቴሌግራም ነው። የሃይማኖት አባቶችን ቀድማችሁ አማክሩ፤ ቄሱና ሼኩ በወተመህ ስብሰባ ላይ ስለ ልጅ ጋብቻ አንድ ቃል ከተናገሩ የወላጆቹ ፊት ይለወጣል።

የጥቆማ ሣጥን አስቀምጠን ነበር፤ ባዶ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ካስቀመጣችሁት ባዶ ይሆናል። ሴቶች ሽንት ቤት አካባቢ አድርጉት፣ ቁልፉ የማን እጅ እንዳለ ንገሯቸው፣ በየስንት ቀኑ እንደሚከፈትም። ጥቆማ መብዛት ሲጀምር ደግሞ አትደንግጡ። ጥቃቱ ጨመረ ሳይሆን ልጆቹ ማመን ጀመሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ጨርሱ። ልጅቷ ተናግራ ምንም ካልተደረገ ሁለተኛ አትናገርም።

አንዲት ተማሪ ተደፈረች። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ስሟት፣ እመኗት፣ ብቻዋን አትተዋት። ታሪኩን ደጋግማ እንድትናገር አታድርጉ፤ አንድ ሰው ይስማት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ እሱም ቀደም ሲል ይመረጣል። ቢቻል ሳትታጠብ ትሂድ፣ ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ያዙላት። ታጥባም ከሆነ ከመሄድ አትቅር።

ፖሊስ እስኪመጣ ሕክምናው አይጠብቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊስ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። የአዲስ አበባ ፖሊስ ስልክ 991 ነው። ለምክርና ለመረጃ አለኝታ የተባለው 6388 ነፃ መስመር አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ካረገዘች ደግሞ ሕጉ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅድላታል፤ መደፈሯን በቃሏ መናገሯ በቂ ነው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠየቅም።

ወደ ክፍል ስትመለስ መምህራኑ ሁሉ ታሪኩን ማወቅ የለባቸውም። የክፍል ኃላፊዋ ብቻ ካወቀች ያመለጣትን ፈተና ማስተካከል ትችላለች።

በሽማግሌ ቢያልቅስ?

አያልቅም። መድፈር መንግሥት በራሱ የሚከሰው ወንጀል ነው፤ ካሳ ተከፍሎ እርቅ ቢወርድም ክሱ አይቆምም። ሽማግሌ ሁለት ቤተሰብ እንዳይጋደል ማድረግ ይችላል፣ ያም ቀላል አይደለም። ልጅቷን ለደፋሪዋ መዳር ግን እርቅ አይባልም።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋስ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ ትምህርት ሲቆም ያየነው ይኼንን ነው። ስም የሚጠራ ሳይኖር ቀሪ የሚባል ልጅ የለም። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው አካባቢዎችም ይህንኑ ለረጅም ጊዜ ኖረውታል። ክረምቱም በትንሹ እንዲሁ ነው።

ሰኔ ከማለቁ በፊት ክበቡ በየሰፈሩ ሦስት አራት ልጆችን ያጣምር፤ በየሳምንቱ እንዲጠያየቁ። ተጠሪዋ የእያንዳንዱን ቡድን አንድ ስልክ ትያዝ፣ የእናት ወይም የጎረቤት ቢሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስተዋውቋቸው፣ እሷ ክረምት ከበጋ እዚያው ናት። መስከረም ላይ ደግሞ ለምዝገባ ያልመጡትን ሴት ልጆች ዝርዝር በመጀመሪያው ሳምንት አውጡና ቤታቸው ሂዱ። ጥቅምት ከገባ በኋላ የምትሄዱበት ቤት ልጅቷን ላታገኙ ትችላላችሁ።